ላሊበላን በሁለት ቀን እንዴት እናስጎብኝ?

በዚህ ዕትም ከክበባችን የደረሰኝ ርዕስ «የጉብኝት ዕቅድ» ነው። እኔም ምሳሌ አላጣሁም። ደሴ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ በጣም ትወዳለች። ዓርብ ማታ መጥታ ሰኞ ጠዋት ትመለሳለች። እናቴም «አስጎብኚዋ አንተ ነህ» ብላኛለች። ስለዚህ ያወጣሁትን ዕቅድ ደረጃ በደረጃ ላስረዳችሁ።

1ኛ. ምን እንደሚታይ መለየት

ከተማችን፣ በጥንት ስሟ ሮሃ፣ 11 ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት አሏት። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የሚገኙት በሦስት ቦታ ነው። በመጀመሪያው ምድብ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግል፣ ቤተ ሚካኤልና ቤተ ጎልጎታ አሉ። ከዮርዳኖስ ወንዝ ማዶ ደግሞ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ ይገኛሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ነው። ዕቅድ ስናወጣ ጎረቤት የሆኑትን አንድ ላይ ካላደረግን ቀኑ በመመላለስ ያልቃል።

2ኛ. ሰዓቱን ማወቅ

አብያተ ክርስቲያናቱ ለጎብኚ በምሳ ሰዓት ይዘጋሉ። ይህን ያላወቀ እንግዳ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ቅዳሜ ግን የገበያ ቀናችን ስለሆነ ያንን ክፍት ሰዓት ለገበያው ሰጠሁት። ከላስታ ገጠር ጤፍ፣ ገብስ፣ ማርና በግ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ታያለች። አለባበስና የፀጉር አሠራርም ባህል ነው፤ ለሥዕል ደግሞ ገበያን የሚያክል የለም።

3ኛ. መምረጥ

ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው። ይምርሃነ ክርስቶስን ባሳያት ደስ ይለኝ ነበር። በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ድርድር የተሠራ ሲሆን ከከተማችን አብያተ ክርስቲያናት ይቀድማል። ነገር ግን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የመኪና ኮንትራቱም ከአቅማችን በላይ ነው። በምትኩ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር የሚርቀውን ነአኩቶ ለአብን መረጥኩ። በእግር ይደረሳል፤ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገንዳዎች ሲጠራቀም ይታያል። ቤተ ጎልጎታ ውስጥ የቅዱሳን ምስሎች በግድግዳው ላይ ተቀርጸዋል፤ ሴቶች ግን ስለማይገቡበት እሷ ቅርጹን በቤተ ማርያም ታያለች። እዚያ ከምዕራቡ በር በላይ ፈረሰኞች ተቀርጸዋል፤ ጣሪያውም በሥዕል ያጌጠ ነው።

ዕቅዱ እንዲህ ወጣ፦

ቅዳሜ ጠዋት፦ የመጀመሪያው ምድብ።
ቅዳሜ በምሳ ሰዓት፦ ገበያ።
ቅዳሜ ከሰዓት፦ የማዶው ምድብ፣ መጨረሻ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ።
እሁድ ሌሊትና ጠዋት፦ ማኅሌትና ቅዳሴ። ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ለመስማት።
እሁድ ከሰዓት፦ ነአኩቶ ለአብ።

4ኛ. ምን እንደምናስረዳ መዘጋጀት

እንግዳን «ይሄ ቤተ ክርስቲያን ነው» ብቻ ማለት ማስጎብኘት አይደለም። ቤት ከመሠረት ወደ ላይ ይሠራል፤ የእኛዎቹ ግን ከላይ ወደ ታች ተፈልፍለዋል። መጀመሪያ ዙሪያው ይቆፈራል፤ መሐል የቀረው አለት ከውጭም ከውስጥም ይጠረባል። ግንበኛ የተሳሳተውን ድንጋይ አንስቶ ሌላ ያስቀምጣል። እዚህ ግን አንዴ የተቆረጠ ዓምድ ተመልሶ አይተከልም። ቤተ አባ ሊባኖስን ብታዩ ዙሪያው ተለቆ ጣሪያው እስካሁን ከአለቱ ጋር እንደተያያዘ ነው።

5ኛ. ጥንቃቄ

ነጠላና ካልሲ መያዝ፣ ጫማ ማውለቅ፣ ሥዕሎቹን በእጅ አለመንካት፣ በካሜራ ፍላሽ ፎቶ አለማንሳት። አለቱ እየተሰነጠቀና በዝናብ እየተጎዳ ስለሆነ በአንዳንዶቹ ላይ መጠለያ ተሠርቶላቸዋል። በብዕር ስም መጻፍማ ነውር ነው!

ይህን ዕቅድ የጻፍኩት ለአክስቴ ልጅ ብቻ አይደለም። በኮሮናና በጦርነቱ ጊዜ እንግዳ ሲጠፋ የስንቱ ተማሪ ቤት እንደተቸገረ ሁላችንም እናውቃለን። አስጎብኚው፣ ጫማ ጠባቂው፣ ሸማኔው፣ እንጀራ ሻጯ በእንግዳ ነው የሚኖሩት። በአንድ ቀን ሁሉን አየሁ ብሎ የሚሄድ እንግዳ የሚያድረው አንድ ሌሊት ነው። ገበያውንም ዜማውንም ነአኩቶ ለአብንም የምናሳየው ግን ሌላ ሌሊት ይጨምራል።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። እኛ በየቀኑ በአጠገቡ ወደ ትምህርት ቤት ስለምናልፍ ወርቁን መዳብ እንዳናደርገው።

መልመጃ
1. ለእሁድ ከሰዓት በነአኩቶ ለአብ ፈንታ አሸተን ማርያምን ብንመርጥ ዕቅዱ ላይ ምን ይለወጣል?
2. እንግዳችሁ ሙዚቃ የሚወድ ቢሆን የትኛውን ሰዓት ታስረዝማላችሁ? ለምን?
3. አያቶቻችሁን ስለ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ጠይቁና የሰማችሁትን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ለክበባችን አምጡ።