የታቦር የእግር መንገድ ለምን ይፈርሳል? እንዴትስ ይጠገናል?

ታቦር ተራራ ለኛ ለሐዋሳ ሰልጣኞች ሩቅ አገር አይደለም። ማለዳ ለስፖርት እንወጣበታለን፤ ከአናቱ ላይ ሆነን ከተማውንና ሐይቁን ባንዴ እናያለን። ሆኖም ወደ ላይ የሚወስደው የእግር መንገድ በየክረምቱ እየተሸረሸረ፣ አንዳንዱ ቦታ መንገድነቱ ቀርቶ የጎርፍ ቦይ ሆኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር በፈቃደኝነት ስንጠግን የተማርነውን ከዚህ በታች ለአንባቢያን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ መንገዱን የሚያፈርሰው ማነው? ብዙ ሰው «እግር ነው» ይላል። እግር ሣሩን ያጠፋል፣ አፈሩን ይጠቀጥቃል፤ የተጠቀጠቀ አፈር ደግሞ ውሃ ቶሎ አያሰርግም። አፈሩን ጠርጎ የሚወስደው ግን ውሃ ነው። እስቲ እናስላው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። 100 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ስፋት ባለው መንገድ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 2,000 ሊትር ነው፤ ይኸውም ባለ 200 ሊትር በርሚል 10 ጊዜ ሞልቶ መድፋት ማለት ነው። ከጎን ተዳፋቱ የሚመጣውን ገና አልቆጠርንም! በዚያ ላይ የውሃው ፍጥነት 2 እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 4 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ የጥገናው ምሥጢር ውሃው ጉልበት ሳያገኝ ከመንገዱ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ለዚህ የሚሠራው መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ የድንጋይ መስመር ነው። ድንጋዩ ትልልቅ ሆኖ ከግማሽ በላይ መሬት ውስጥ መቀበር አለበት፤ ላይ ላዩን የተደረደረ ድንጋይ በመጀመሪያው ዶፍ ይሄዳል። ውሃው የሚወጣበት በኩልም ጠጠር ተነጥፎ ሣር ይተከልበታል፤ አለበለዚያ አንዱን ቦረቦር ደፍነን ሌላውን ከፈትን ማለት ነው። ሥር ሰዶ አፈር የሚይዘው ደሾ ሣር እዚሁ ደቡባችን፣ ከጨንቻ ደጋ የተገኘ ነው። የድንጋዩን ሥራ የፈለገ ሰው ኮንሶን ይጠይቅ፤ ያለ ሲሚንቶ የተካቡት እርከኖቹ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ችግኝስ? ከ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ሁሉም ችግኝ ይዞ ይወጣል፤ ደግ ነው። ነገር ግን ውሃው ሳይቀለበስ በመንገዱ ዳር የተተከለ ችግኝ ከነአፈሩ ይሄዳል። ፎቶው ብቻ ይቀራል።

ሌላው ጠንቅ አቋራጭ ነው። ጠመዝማዛውን ትቶ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሁሉ ለጎርፉ አዲስ በር ይከፍታል። አቋራጩን በእሾህ ዘጋነው፤ በሳምንቱ እሾሁ ተነሥቶ አገኘነው። ታዲያ ምክንያቱን ስናይ የዋናው መንገድ ደረጃ ለሕፃንና ለአዛውንት ከፍ ያለ ነበር። ዝቅ አድርገን ብንሠራው ሰው ራሱ ወደ መንገዱ ተመለሰ።

«ለአንድ መንገድ ይህ ሁሉ ልፋት ምንድነው?» የሚል አይጠፋም። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ከዙሪያው የሚገባ ደለል እዚያው ይቀራል። ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ጨለለቃ በ1960ዎቹ ገና ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ሆኗል፤ ከከበቡት ተራሮች የታጠበው ደለል ለዚህ ትልቅ ድርሻ አለው። ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ጥቁር ውሃ ወንዝም የሚመጣው ከዚያው ነው። የታቦር መንገድ አፈር ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ጭብጥ ቢሆንም፣ በእጃችን ያለው ጭብጥ ይኸው ነው።

ለማስተማር ልምምድ የምትወጡ ጓደኞቻችን ይህንን ለ5ኛ ክፍል በቀላሉ ልታቀርቡት ትችላላችሁ። ሁለት ሣጥን አፈር በእኩል ተዳፋት አስቀምጡ፤ አንዱን ሣር አልብሱት፣ አንዱን ራቁቱን ተዉት። በቆርቆሮ ቀድታችሁ እኩል ውሃ አፍስሱና ከሥር የሚወርደውን በጠርሙስ ተቀበሉ። ልጆቹ ጠርሙሶቹን ጎን ለጎን አድርገው ራሳቸው ይናገሩ፤ መምህሩ ቀድሞ እንዳይናገር!

ጥያቄ፦ መንገዱ 150 ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ሜትር ስፋት ቢኖረውና 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ስንት በርሚል ውሃ ይሆናል? መልሱን ከነአሠራሩ እስከ ዓርብ ለዝግጅት ክፍሉ አድርሱን።