ተርባይን ሲታመም በምን ይታወቃል?

ዛሬ በሳይንስ አምድ ከከተማችን ከአዳማ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ስለምናያቸው የነፋስ ተርባይኖች ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖች አሏቸው። እያንዳንዱ እስከ 1.5 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ታዲያ ይሄን ሁሉ በየቀኑ እየወጣ የሚያይ ሰው ከየት ይመጣል?

መልሱ መዝገብ ነው። ተርባይን ውስጥ ያሉ ሴንሰሮች የነፋሱን ፍጥነት፣ የሚመነጨውን ኃይል፣ የውጭውን አየርና የጀነሬተሩን ኩሽኔታ ሙቀት ይለካሉ። (ኩሽኔታ ማለት ያቺው ለጋሪያችን ጎማ የምናደርጋት ናት፤ የተርባይኑ ግን በጣም ትልቅ ነው።) ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ የ10 ደቂቃውን አማካይ ይመዘግባል። በሰዓት 6፣ በቀን 144 ጊዜ ማለት ነው። መዝገቡ ድሮም ተርባይኑን ለመቆጣጠር የሚያዝ ስለሆነ ለዚህ ብሎ አዲስ መሣሪያ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኩሽኔታው ስለሞቀ ብቻ ታሟል አይባልም። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጭኖ ዳገት ሲወጣ የሙቀት ጌጁ ከፍ ቢል አይደነግጥም። አምስተኛ ክፍል እያለሁ ግን ባዶውን፣ ሜዳ ላይ እየነዳ ጌጁ ትንሽ ከፍ አለበት። ቀዩ ጋ ስላልደረሰ ዝም አለው። በሳምንቱ ቴስታታው ተቃጠለ። መኪናው ሁለት ወር ጋራዥ ቆመ፤ የዚያን ዓመት ደብተር የገዛችልን አክስቴ ነች።

ተርባይንም እንደዚሁ ነው። ሁለት ጎረቤት ተርባይኖች በአንድ ዓይነት አየር እኩል 900 ኪሎ ዋት እያመነጩ ነው እንበል። የአንዱ ኩሽኔታ 50፣ የሌላው 62 ዲግሪ ቢሆንስ? (ቁጥሩን ለምሳሌ ያወጣሁት እኔ ነኝ።) ማንቂያው የሚጮኸው 80 ላይ ከሆነ ሁለቱም ደህና ይመስላሉ። ግን 12 ዲግሪው ከየት መጣ? ልዩነቱ በየሳምንቱ እየሰፋ ከሄደ ግራሶው አልቋል ወይም ኩሽኔታው እየተበላ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ሴንሰሩ ራሱ ሊዋሽ ስለሚችል እሱም ይታያል።

ሌላው ፍንጭ የሚመነጨው ኃይል ነው። ነፋሱ ሳይቀንስ ኃይሉ ከቀነሰ ተርባይኑ ፊቱን ወደ ነፋሱ በደንብ አላዞረ ይሆናል፣ ወይም ክንፉ ቆሽሿል።

ቀድሞ ከታወቀ ነፋስ በማይበረታበት ቀን ይጠገናል። ከተሰበረ በኋላ ግን ትልቅ ክሬን ሊያስፈልግ ይችላል፤ ዕቃው እስኪመጣም ተርባይኑ ዝም ብሎ ይቆማል።

ይሄን ለአባቴ ሳነብለት «ታዲያ እኔም ልመዝግብ?» ብሎ ሳቀ። የአምናውን ደብተሬን ጋቢና ውስጥ አስቀምጬለታለሁ። ዳገት፣ ሜዳ፣ ጭነት፣ ጌጅ ብዬ አስምሬበታለሁ። እስካሁን የሦስት ቀን ሞልቷል።