የባሕርይ ልዩነትና በሥራ ላይ መተማመን

ሰው ሁሉ በተፈጥሮው አንድ ሲሆን በጠባዩ ግን ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ችኩል፥ አንዱ ዝግተኛ፤ አንዱ ተናጋሪ፥ አንዱ ዝምተኛ ሆኖ ይገኛል። ብዙዎች ተባብረው አንድ ሥራ በሚሠሩበት ጊዜ ይህ ልዩነት ካልታወቀ የጠብ ምክንያት፥ ከታወቀ ደግሞ የኀይል ምንጭ ይሆናል።

በመተማ ወረዳ በኮኪትና በአካባቢዋ ያለው የሰሊጥ አጨዳ ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆነናል። በሰላም ጊዜ መኸር ሲደርስ ብዙ ሠራተኞች ከጎንደር ደጋ፥ ከጎጃምና ከወሎ ወደዚያ ቆላ ይወርዳሉ። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ቀድመው ቢያጭዱት ፍሬው አይሞላም፥ ቢያዘገዩት ማቀፊያው ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋል። ከታጨደም በኋላ በነዶ ታስሮ፥ ሂላ በሚባለው ክምር ቀጥ ብሎ ቆሞ ይደርቃል፤ ከዚያም በሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። እንግዲህ ለአጨዳው ፍጥነት፥ ለማሰሩና ለማራገፉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትናንት የማይተዋወቁ ሰዎች ዛሬ በአንድ ማሳ ይሰለፋሉ፥ በአንድ ዳስ ያድራሉ። ወባና ካላ አዛር በሚያጠቁበት አገር የወደቀውን የሚያነሣው ዘመዱ ሳይሆን አጠገቡ የሚያጭደው ሰው ነውና፥ መተማመን በዚያ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የስዊስ ተወላጅ የሆነው የሥነ ልቡና ሊቅ ካርል ዩንግ በ1921 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ጠባይ በየወገኑ ለይቶ ለማስረዳት ሞክሯል። የአገራችን ሊቃውንት ግን ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፥ ማለት ከእሳት፥ ከነፋስ፥ ከውኃና ከመሬት መገኘቱን ሲያስተምሩ ኖረዋል። እሳት ሙቅና ደረቅ፥ ውኃ ቀዝቃዛና ርጡብ ስለ ሆኑ ሁለቱ አይስማሙም። ነገር ግን ነፋስ በሙቀቱ ከእሳት፥ በርጥበቱ ከውኃ ጋራ ይስማማል፤ መሬትም በደረቅነቱ ከእሳት፥ በቅዝቃዜው ከውኃ ጋራ ይስማማል። ስለዚህ ጠበኞቹ በአስታራቂ ተያይዘው በአንድ አካል ይኖራሉ።

ይህን ትምህርት እንደ ምሳሌ ወስደን ወደ ማሳው ብንመለስ፥ ፈጣኑ አጫጅ እሳትን፥ ዝግተኛው ነዶ አሳሪ ውኃን ይመስላሉ። ፈጣኑ ዝግተኛውን ሰነፍ ይለዋል፤ ዝግተኛውም ፈጣኑን እህል አባካኝ ይለዋል። በዚህ ጊዜ ካቦው ወይም በዕድሜ የበሰለ ጓደኛ የሁለቱንም ዋጋ ዐውቆ፥ ያለ ፍጥነት ሰሊጡ በማሳው እንደሚረግፍ፥ ያለ ጥንቃቄም የታጨደው እንደሚባክን ቢያሳያቸው፥ አንዱ ለሌላው ማስፈለጉን ይረዳሉ።

ሆኖም የሰውን ጠባይ ማወቅ በሰው ላይ መፍረድ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ጳውሎስና በርናባስ ስለ ማርቆስ ተከራክረው መለያየታቸው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ተጽፏል፤ በኋላ ግን ጳውሎስ ያንኑ ማርቆስን ለአገልግሎት የሚጠቅም መሆኑን መስክሮ አስጠርቶታል። እንግዲህ ትናንት ያልተስማማን ሰው ነገ ሊጠቅመን ይችላል።

ደግሞም መተማመን ጠባይን በማወቅ ብቻ አይገኝም፤ የሚገኘው በሥራ ነው። የሥራው ውል በሁሉ ፊት ሲነገር፥ ደመወዝ በተባለው ቀን በግልጥ ሲቈጠር፥ ቅሬታ በጀርባ ሳይሆን ፊት ለፊት ሲነገር፥ የታመመውም ሳይጣል ወደ ሕክምና ሲደርስ፥ ያን ጊዜ ሰው ሰውን ያምናል። የአጫጆች ደመወዝ ሲቀር ጩኸቱ ወደ እግዚአብሔር እንደሚደርስ ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ማስጠንቀቁን ባለ እርሻዎች ሊያስቡት ይገባል።

ስለዚህ የንስሓ አባቶች ልጆቻቸው ወደ ቆላ ከመውረዳቸው በፊት ይህን ቢመክሯቸው መልካም ነው። ስንቅ የሚያልቅበት ቀን አለ፤ የታመነ ጓደኛ ግን እስከ መመለሻው ድረስ ስንቅ ነው።