መልስ መከልከል ፍርድ አይደለም
(ስለ ኢሜይል ማጣሪያ አጭር ጥናት)

በዛሬው ዘመን ለትምህርት ዕድል ያመለከተ ተማሪ መልሱን የሚጠባበቀው በኢሜይል ነው። መልሱ መንገድ ላይ ቢቀር፥ ላኪው «ልኬአለሁ» ይላል፤ ተቀባዩም «አልደረሰኝም» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ይህን ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱን አጥንቼ እነሆ አቀርባለሁ።

አይፈለጌ መልእክት የሚልኩ ኮምፒዩተሮች አድራሻ የሚጻፍበት ጥቁር መዝገብ አለ። የመጀመሪያውን መዝገብ ፖል ቪክሲ የተባለ አሜሪካዊ በ1997 እ.ኤ.አ. ጀመረ፤ ስመ ጥሩው ስፓምሃውስ ደግሞ በ1998 ተቋቋመ። መዝገቡ የሚጠየቀው ስምን ወደ ቁጥር በሚፈታው በዲ.ኤን.ኤስ. በኩል ነው። ለምሳሌ ከ192.0.2.25 ደብዳቤ ቢመጣ፥ ተቀባዩ ሰርቨር ቁጥሩን ገልብጦ 25.2.0.192 ካለ በኋላ የመዝገቡን ስም አስከትሎ ይጠይቃል። አድራሻው ካልተመዘገበ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ይባላል፤ ከተመዘገበ ግን እንደ 127.0.0.2 ያለ ቁጥር ይመለሳል።

ታዲያ ችግሩ ከወዴት ይመጣል? ስፓምሃውስ በነጻ የሚያገለግለው ጥቂት ለሚጠይቁ ነው። ጥያቄው እንደ ጉግል 8.8.8.8 ባለ፥ ብዙ ሕዝብ በሚጠቀምበት ስም ፈቺ በኩል ቢያልፍ፥ ጠያቂው ማን እንደ ሆነና ስንት ጊዜ እንደ ጠየቀ አይታወቅም። ስለዚህ መዝገቡ 127.255.255.254 ብሎ ይመልሳል፤ ትርጓሜውም «በዚህ መንገድ ለመጣ አልመልስም» ማለት ነው። ጥያቄ ከልክ ሲያልፍ 127.255.255.255፥ የመዝገቡ ስም ተሳስቶ ሲጻፍ 127.255.255.252 ይመጣል።

እኔን ያስገረመኝ ከዚህ የሚከተለው ጉዳት ነው። ማናቸውንም ቁጥር እንደ ክስ የሚቆጥር ሰርቨር የንጹሑን ሰው ደብዳቤ ሁሉ ይመልሳል፤ ቁጥሩን ንቆ የሚያልፈው ደግሞ ያለ ዘበኛ ይቀራል፤ አይፈለጌውም እንደ ልቡ ይገባል።

መፍትሔው በተራ ይህ ነው።

1ኛ/ ኢሜይል ከሚቀበለው ሰርቨር ላይ ሆኖ 2.0.0.127ን ከመዝገቡ ስም ጋር መጠየቅ ነው። 127.0.0.2 ለፈተና ሲባል ሁልጊዜ ተመዝግቦ ይኖራል፤ 127.0.0.1 ግን ከቶ አይመዘገብም። በ127.255.255 የሚጀምር መልስ ከመጣ ጥያቄው ታግዷል።

2ኛ/ እንደ አንባውንድ ያለ የራስን ስም ፈቺ በሰርቨሩ ላይ መትከል፤ ጥያቄውንም ለሌላ ሳያስተላልፍ በቀጥታ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው።

3ኛ/ ማጣሪያው የታወቁትን የምዝገባ ቁጥሮች ብቻ እንደ ክስ እንዲቀበል ማዘዝ ነው።

4ኛ/ ጥያቄው ከነጻው ልክ ካለፈ ከመዝገቡ ባለቤት ጋር መዋዋል ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ምስክር «አልናገርም» ቢል፥ ዳኛ ስለዚህ ብቻ ተከሳሹን አያስርም፤ ነጻ ነህ ብሎም አያሰናብተውም፤ ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል እንጂ። ሰርቨሮቻችንንም እንዲሁ እናስተምራቸው።