እንሂድ ወይስ እንቅር?

ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ብዙ ሕዝብ ለሰልፍ ወጥቶ ሳለ የእጅ ቦምብ ፈነዳ። 2 ሰዎች ሞቱ። ከ150 በላይ ቆሰሉ። እንዲህ ያለው አደጋ ሽብር ይባላል። ሽብር በሩቅ ያለውንም ሰው ከመንገዱ ያስቀራል።

አንድ ገበሬ በዚያ ሰሞን ሚስቱን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለማሳከም ቀጠሮ ነበረው እንበል። ሕመሟ የጡት ካንሰር ነው። ጎረቤቱ መጥቶ «ኧረ ወንድሜ ተው! ከተማው ነደደ አሉ» ይለዋል። ታዲያ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ «አሉ» የሚለውን ቃል ይመርምር። ማን አየ? የት ሰፈር? ወሬ ከገበያ እስከ ቤት ሲደርስ አንዱ ቦምብ አሥር ይሆናል። ሬዲዮ ያዳምጥ፤ ከተማ ዘመድ ካለው ይደውል። «ደህና ናችሁ ወይ?» ማለት ብቻ አይበቃም። አውቶቡስ ይሠራል ወይ? ሆስፒታሉ በሽተኛ ይቀበላል ወይ? ብሎ ይጠይቅ። አዲስ አበባ ከ50 ሺህ ሄክታር በላይ ስፋት አላት። ጋሻ በ40 ሄክታር ቢታሰብ ከ1,200 ጋሻ ይበልጣል። በአንድ አደባባይ የፈነዳ ቦምብ ይህን ሁሉ አያነድም።

መቅረትም የራሱ አደጋ አለው። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ሽብርተኞች አውሮፕላን ጠልፈው ወደ 3,000 ሰው ገደሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው አውሮፕላን ፈርቶ ረጅሙን መንገድ በመኪና ይሄድ ጀመር። የመኪና መንገድ ግን ከአውሮፕላን ይልቅ ሰው ይጨርሳል። አንድ ተመራማሪ እንዳሰላው፣ በዚህ ምክንያት በአንድ ዓመት ውስጥ 1,500 ያህል ሰው በመኪና አደጋ ሞቷል። እነዚህን የገደላቸው ፍርሃት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካንሰርም ቀን በሰጡት ቁጥር ይስፋፋል። ስለዚህ መንገዱ ክፍት ከሆነና ሆስፒታሉ ከሠራ ይህ ሰው ቢሄድ ይሻለዋል። ለሠርግ ልብስ ገዢ ከሆነ ግን ሁለት ሳምንት ቢቆይ ምን ይጎድልበታል?

የሚሄድ ሰው መታወቂያና የቀጠሮ ካርዱን ይያዝ፤ በየበሩ ፍተሻ አለ። ሰው ከተሰበሰበበት ይራቅ። ባለቤት የሌለው ሻንጣ ወይም ፌስታል ካየ አይንካ፤ ለፖሊስ ይንገር። የዘመዱንና የቤቱን ስልክ ቁጥር በራሱ እጅ በሁለት ወረቀት ይጻፍ። አንዱን እሱ፣ አንዱን ሚስቱ ትያዝ።