ሕግን ከየት እንፈልግ? ስለ ታማኝ የኢንተርኔት ምንጮች አጭር ትምህርት

«በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል ይላሉ አባቶቻችን። ይሁን እንጂ በሕግ ለመቆም የትኛው ሕግ እንደ ጸና አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ የደሴ ተማሪ ከመኝታ ክፍሉ ሳይወጣ የፓሪስን፥ የናይሮቢንና የሲድኒን ሕግ በአንድ ሌሊት ሊያነብ ይችላል። ይህ ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ያላገኙት ዕድል ነው። ነገር ግን ስልካችን የተሻረውንም የሚሠራውንም ሕግ በአንድ ዓይነት ፊደል ስለሚያሳየን፥ ለይቶ ማወቁ የአንባቢው ፋንታ ነው። እንግዲህ ጓደኞቼ፥ መንገዱን በቅደም ተከተል እንመልከት።

፩ኛ፤ የአገራችን ሕግ

የፌዴራል ሕግ የሚታወጀው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው የተቋቋመበት አዋጅ ቁጥር 3/1987 የመጨረሻ ሥልጣን ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ይደነግጋል። ብዙ ድረ ገጾች ግን እንግሊዝኛውን ብቻ ነቅለው ያቀርባሉ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ያነበብነውን ሁሉ ከአማርኛው ጋር ማመሳከር ግዴታችን ነው። የአማራ ክልል ሕጎች ደግሞ የሚወጡት በዝክረ ሕግ ነው።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚጎዳ በምሳሌ እንይ። አንዲት እናት ከኩታበር መጥታ በነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫ ውስጥ ስለ ፍቺና ስለ ንብረት ክፍያ ብትጠይቀን፥ በኢንተርኔት ፍለጋ ቶሎ የሚገኘው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወይም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። የፊተኛው ስለ ቤተሰብ የሚናገረው ክፍል በኋለኞቹ የቤተሰብ ሕጎች ተተክቷል፤ ሁለተኛው የወጣው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ለእርሷ ጉዳይ መነበብ ያለበት የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ባልና ሚስቱ ፈቅደው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ከመረጡ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የከፈተው ሌላ መንገድ አለ። ቃላቸው የተቀራረበ ቢመስልም እንኳ፥ ያለ ቦታው በተጠቀሰ ሕግ ማመልከቻ ብንጽፍላት የስሕተቱን ዋጋ የምትከፍለው እርሷ ናት።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኮምቦልቻ ገበያ ይሁን። አንድ ነጋዴ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ተሰጥቶት ቢቸገር፥ «የ1952ቱ የንግድ ሕግ ተሽሯል» የሚል ጽሑፍ አንብበን አዲሱን የንግድ ሕግ፥ አዋጅ ቁጥር 1243/2013ን ብቻ ብናገላብጥ መልሱን አናገኝም። አዲሱ ሕግ የተካው ስለ ነጋዴዎች፥ ስለ ማኅበራትና ስለ ኪሣራ የሚናገሩትን መጻሕፍት ነው፤ ስለ ተላላፊ ሰነዶችና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገረው የቀድሞው ሕግ አራተኛ መጽሐፍ ሥራውን ቀጥሏል። ስለዚህ አንድ ሕግ «ተሽሯል» ሲባል ምን ያህሉ እንደ ተሻረ ለማወቅ የአዲሱን አዋጅ የመሻሪያ አንቀጽ ማንበብ ያስፈልጋል።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች እንደሚያስገድድም አንርሳ። ውሳኔዎቹ በየቅጹ ታትመዋል፤ በኢንተርኔትም ይገኛሉ። የመዝገቡን ቁጥር ይዘን ሙሉውን ፍርድ እናንብብ፤ ችሎቱ ራሱ በኋላ ለውጦት እንደ ሆነም እንመርምር።

፪ኛ፤ የውጭ አገር ሕግ

የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቀው ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነው። የእኛን አንቀጽ 1731 ያነበበ ተማሪ፥ ውል በተዋዋዮች መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል የሚለው አሳብ በፈረንሳይ ሕግ አንቀጽ 1134 እንደሚገኝ በቆዩ መጻሕፍት ያያል። ነገር ግን ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2016 የውል ሕጓን ስላሻሻለች፥ ያው አሳብ ዛሬ በአንቀጽ 1103 ነው። ስለ ጥፋት ኀላፊነት የሚናገረው የታወቀው አንቀጽ 1382ም 1240 ሆኗል። ሌዢፍራንስ የተባለው የመንግሥቱ ድረ ገጽ እያንዳንዱ አንቀጽ ከመቼ እስከ መቼ እንደ ጸና ያሳያል። የአርቃቂውን አሳብ የሚፈልግ የድሮውን ቅጂ፥ የዛሬዋን ፈረንሳይ የሚያወዳድር አዲሱን ይያዝ።

እንደ ኬንያ፥ እንግሊዝና አውስትራሊያ ባሉ አገሮች ደግሞ የዳኞች ፍርድ ራሱ የሕግ ምንጭ ስለ ሆነ፥ አዋጁን ብቻ ማንበብ አይበቃም። የኬንያን በኬንያ ሎው፥ የደቡብ አፍሪካን በሳፍሊ፥ የእንግሊዝን በባይሊ፥ የአውስትራሊያን በአውስትሊ በነፃ ማግኘት ይቻላል። የዚህ ዓይነቱን የነፃ አገልግሎት መንገድ እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተቋም ነው። ለአውሮፓ ኅብረት ዩር-ሌክስ፥ ለአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የዓለም ሥራ ድርጅት ናትሌክስ፥ ለአእምሮአዊ ንብረት ዊፖ ሌክስ ይረዱናል።

፫ኛ፤ አራቱ ጥያቄዎች

ማናቸውንም ገጽ ከመጥቀሳችን በፊት እንዲህ ብለን እንጠይቅ። ያወጣው ማን ነው? እስከ መቼ ያለውን ማሻሻያ ይዟል? ሙሉው ቃል ነው ወይስ ማጠቃለያ ወይም ትርጉም? በሌላ ምንጭስ ተመሳክሯል? ለአራቱ መልስ የሌለው ገጽ ፍንጭ ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ይህ ምክር ሰው ሠራሽ አስተውሎትንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት፥ ጠበቆች ቻት ጂፒቲ የፈጠራቸውን ከቶ ያልነበሩ ፍርዶች ጠቅሰው በመገኘታቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። መሣሪያው ፍለጋ ይጀምርልን፤ ፍርዱን ግን በዓይናችን ሳናይ አንጥቀስ።

፬ኛ፤ መስመሩ ሲቋረጥ

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፎ ተጎድቷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በኢንተርኔት ብቻ ያለ ቤተ መጻሕፍት መስመሩ በተቋረጠ ዕለት እንደሚዘጋ ከዚህ ተምረናል። ስለዚህ የሕግ ተማሪዎች በየዓመቱ የፌዴራሉንና የክልሉን ዋና ዋና ሕጎች፥ የሰበር ቅጾችንም አውርደን በፍላሽና በወረቀት እናስቀምጥ፤ በእያንዳንዱም ላይ የተወሰደበትን ምንጭና ቀን እንጻፍ። ሥራው ከአንድ ሰው አቅም በላይ ነው፤ በየክፍሉ ተከፋፍለን ከያዝነው ግን አንድ ሴሚስተር ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ከኩታበርም ሆነ ከኮምቦልቻ ለሚመጣው ባለጉዳይ፥ መስመር ኖረም አልኖረም፥ የሚሠራውን ሕግ አውጥተን ማሳየት እንችላለን።