ነጥባችን ዝቅ ቢልም ሰበቡን እናድርስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የምረቃ ዓመት ሲቃረብ ከሰላት በኋላ በየጥጉ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «በዚህ ሲጂፒኤ ማን ይቀበለኛል?» የሕግ ተማሪው ረዳት ዳኛ፣ የምህንድስና ተማሪዋ የጥሩ መሥሪያ ቤት ባለሙያ መሆን ይመኛሉ። ማስታወቂያው ሲወጣ ግን አንዳንዶቻችን ሳናመለክት እንቀራለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ውጤት «አስተካክለን» ለማቅረብ እንፈተናለን። ሁለቱም አይበጁንም።

በሱረቱ ዩሱፍ እንደምናገኘው ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ከእስር ወጥተው የግምጃ ቤቱን ኃላፊነት ራሳቸው ጠየቁ። ያቀረቡትም ሁለት ነገር ነው፦ ጠባቂነታቸውንና ዕውቀታቸውን። የእስር ቤት ዓመታታቸው ከመጠየቅ አላገዷቸውም። ያለንን ችሎታ ለሚጠቅም ሥራ በእውነት መናገር ኩራት አይደለም።

ዐሊይ (ረ.ዐ) ደግሞ ወደ የመን ዳኛ ሆነው ሲላኩ ወጣት መሆናቸውንና የፍርድ ዕውቀት እንደሌላቸው ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተናገሩ። ጉድለታቸውን አልደበቁም። ነቢያችንም አላህ ልባቸውን እንደሚመራ አበሰሯቸው፤ የሁለተኛውን ወገን ቃል ሳይሰሙ እንዳይፈርዱም አስተማሯቸው። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ጉድለትን ማመን ከሥራ አያስቀርም፤ የመማር መጀመሪያ ነው።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ፦

አንደኛ፣ ማስታወቂያውን በደንብ እናንብብ። ዝቅተኛው ነጥብ 3.00 ከተባለና የእኛ 2.95 ከሆነ ያ በር ለጊዜው ዝግ ነው፤ አጠጋግቶ 3.00 ብሎ መጻፍ ውሸት ነው። ገደብ ካልተጻፈ ግን ራሳችንን ቀድመን አንጣል፤ መጣል የመራጩ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ትራንስክሪፕታችንን እናስላ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 70 ክሬዲት በ2.40፣ ከዚያ 110 ክሬዲት በ3.30 የጨረሰ ተማሪ ድምሩ 2.95 ነው። ድምሩ የሁለቱን ዓመታት ድካም ብቻ ሳይሆን የኋለኞቹን ብርታትም ይሸፍናል። ይህን በማመልከቻችን በሁለት ዐረፍተ ነገር እናስረዳ፤ ምክንያት አንደርድር፣ መምህር አንክሰስ።

ሦስተኛ፣ አዲስ ማስረጃ እንያዝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ማለፊያው 50 ከመቶ ቢሆንም በ50 ለመርካት አናጥና። የመመረቂያ ሥራችንን፣ የተግባር ልምምዳችንን፣ የሕግ ተማሪ ከሆንን የምስለ ችሎት ክርክራችንንና በሚገባ የታረመ ጽሑፋችንን እናዘጋጅ።

አራተኛ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ሥራችንን በቅርብ ካየ መምህር እንጠይቅ፤ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከሲቪያችን ጋር። ትልቅ ስም ካለው ግን ከማያውቀን ሰው ይልቅ፣ ስንወድቅም ስንነሳም ያየን መምህር ስለ እኛ የሚጽፈው ይኖረዋል። እውነተኛ ምስክርነት መጠየቅ ነውር የለውም፤ ጉቦና የሐሰት ወረቀት ግን ሐራም ነው። በሐሰት የተገኘ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሰው ሐቅ ላይ መፍረድ፣ ወይም ሰው የሚኖርበትን ሕንፃ ማስላት፣ አማናን መብላት ነው።

ሁለት ረከዓ ኢስቲኻራ ሰግደን እናስገባ፤ ውጤቱን ለአላህ እንተው። ተወኩል ግመሏን ካሰሩ በኋላ ነው። በጀመዓችን ያለን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችም ጥንድ ጥንድ ሆነን ማመልከቻዎቻችንን እንተራረም። ያልተሳካለት ወንድማችንን ወይም እህታችንን በነጥብ አንመዝን፤ ሪዝቅ በአንድ በር ብቻ አይመጣም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትና ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን። ኣሚን።